መንገድ ብጠይቅ «ጉግል አድርጊ» አሉኝ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ ተስማምተን ብር ማጠራቀም ከጀመርን ስድስት ወር ሆነን። ሦስታችንም ከላንጋኖ አልፈን አናውቅም። ቴሌግራም ላይ ብዙ ሺህ አባላት ያሉት የተጓዦች ግሩፕ ስላገኘሁ ገብቼ "ሰላም፣ ባሌ መሄድ እንፈልጋለን፣ መረጃ ያላችሁ ተባበሩን" ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሙሉ ዝም። ማታ አንዱ "ጉግል አድርጊ" አለኝ፤ ሌላው የሳቅ ምልክት አደረገበት። ተናድጄ የማይሆን ስድብ መለስኩ፤ አድሚኑ አስወጣኝ። በማግስቱ ከዚያው ግሩፕ ያየኝ ሰው በውስጥ መስመር መጥቶ "ሙሉ ጉዞውን እኔ አዘጋጅላችኋለሁ፣ ግማሹን ቀብድ ላኩ" ይለኛል። የውጭ አገር ሰዎች የሚጽፉበት ገጽ ላይ ብፈልግ ደግሞ ያገኘሁት ሁሉ የስንት ዓመት ወሬ ነው። እውነት ከእነዚህ ቦታዎች የሚረባ ነገር ይገኛል? ከሰዎቹስ ጋር እንዴት ነው መግባባት የሚቻለው? መንገድ ናፋቂ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

መልስ

እህቴ መንገድ ናፋቂ፣

ይገኛል። እኔ በእግሬም በመኪናም ከማውቀው አገር ግማሹን የደረስኩበት ፊታቸውን አይቼ በማላውቅ ሰዎች ምክር ነው። ስለዚህ በአንድ ምሽት ጠብ ተስፋ እንዳትቆርጪ እለምንሻለሁ።

ከጥያቄሽ ልጀምር። የጻፍሽው ነገር ብልግና የለበትም፤ ሰላምታም ትሕትናም አለው። የጎደለው መያዣ ነው፤ ሰው በምኑ ይዞ ያንሳው? ገጠር ውስጥ መንገድ ጠይቀሽ ታውቂ እንደሆነ አስታውሺ። ሰውዬው ከማሳው ቀና ብሎ ሰላምታሽን ይቀበላል፤ መንገዱን ግን ወዲያው አይነግርሽም። «ከየት ነው የመጣችሁት?» ይላል። «ማን ቤት ናችሁ?» ይላል። ጫማሽን ያያል፣ የያዝሽውን ሻንጣ ያያል፣ ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ያያል። ከዚያ በኋላ ነው «በዚህ በኩል አቋራጭ አለ፤ ለእናንተ ግን አይሆንም፣ ቁልቁለቱ ያዳልጣል፣ በሰፊው መንገድ ሂዱ» የሚልሽ። ምክሩ የተሰፋው በአንቺ ልክ ነው። ስልክ ላይ ያለው ሰው ጫማሽን አያይም። «ባሌ መሄድ እንፈልጋለን» ስትይው ድንኳን ተሸክማችሁ አምስት ቀን የምትጓዙ ትሁኑ፣ ሶፍ ዑመርን አይታችሁ የምትመለሱ ትሁኑ፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ ጊኒር የምትሄዱ ትሁኑ አያውቅም። ስለዚህ ጫማሽን በቃል ልታሳዪው ይገባል።

እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እጽፈው ነበር፦

«ጤና ይስጥልን። ሦስት ሆነን ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለአራት ቀን ከአዲስ አበባ በሕዝብ ማመላለሻ ወደ ዲንሾ ለመሄድ አስበናል። ድንኳን የለንም፤ ከፍታ ቦታ ላይ አድረን አናውቅም። እዚህ የተጻፈውን ወደ ኋላ ሄደን አንብበናል፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ እንደሆነ፣ አስጎብኚም ፈረስም እዚያው እንደሚገኝ ገብቶናል። ያልተገለጠልን ሁለት ነገር ነው። በዶዶላና በአዳባ በኩል የሚሄድ መኪና ከሻሸመኔ ከሰዓት በኋላም ይገኛል ወይስ ሻሸመኔ ማደር ይሻላል? የራሳችን መኪና ሳይኖረን ከጎባ ተነሥተን የሳኔቲን ሜዳ በአንድ ቀን አይተን ለመመለስ መኪና መከራየት ይቻላል? በቅርብ ጊዜ የሄደ ሰው ቢነግረን እናመሰግናለን። ስንመለስ ያየነውን እንጽፋለን።»

ይህን ያነበበ የዶዶላ ልጅ ስለ መጀመሪያው ጥያቄ በሁለት መስመር ሊመልስልሽ ይችላል፤ ሁለተኛውን አለማወቁ አያግደውም። ማንበብሽን ስለተናገርሽም «ጉግል አድርጊ» የሚልሽ ሰው ምክንያት አያገኝም። «ሦስት ሆነን» ማለቴንም ልብ በዪ። ሴቶች መሆናችሁን፣ የምትነሱበትን ዕለት፣ የምታድሩበትን ቤት ስም ሺህ ሰው ፊት አትጻፊ። ሴት ለሴት የሚጠየቅ ነገር አለ፤ መጸዳጃውን፣ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ፣ ማታ መውጣት ያሰጋ እንደሆነ ማወቅ ትፈልጊያለሽ። ይህን ከዚህ በፊት የሄደችበትን በዝርዝር የጻፈች ሴት ፈልገሽ ለብቻዋ ጠይቂያት። አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ፤ እነሱም አንድ ቀን በዚሁ ተጨንቀው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። ናይሮቢ መሀል በሚገኘው ስታንሊ ሆቴል ካፌ ውስጥ አንዲት ግራር ቆማ ነበር። መንገደኞች ግንዷ ላይ ወረቀት እየሰኩ መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ የመንገደኛ መጻሕፍት የሚያሳትመው ሎንሊ ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ1996 የከፈተውን የተጓዦች መወያያ «ቶርን ትሪ» ብሎ የሰየመው በዚያች ግራር ነው፤ እሾሃማ ዛፍ ማለት ነው። ያ መወያያ ዛሬ ተዘግቷል። ልማዱ ግን አልቀረም፤ ወረቀት ሰክተሽ ትሄጃለሽ፣ ከኋላሽ የሚመጣው ያነበዋል፣ እሱም የራሱን ይሰካል። ጥሩ ግሩፕን ከመጥፎው የምለየው ዛሬም በዚህ ነው። ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ብቻ የሚጽፉበት ነው ወይስ ከተመለሱ በኋላም? ጥያቄ ብቻ የተከመረበት ቦታ ገበያ እንጂ ግራር አይደለም።

የአባላቱ ቁጥር አያታልልሽ። 40 ሺህ ሰው ካለበት ግሩፕ ውስጥ በትክክል የሚመልሱት ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ይሆናሉ፤ እነሱን ስማቸውን እስክታውቂ ድረስ ሦስት አራት ቀን ዝም ብለሽ አንብቢ። የመጨረሻዎቹን 20 ጥያቄዎች ቁጠሪ፤ ስንቶቹ መልስ አገኙ? መላሹ የራሱን መኪና የሚያከራይ ነው ወይስ ሄዶ የመጣ ሰው? ስህተት የነገረ ሰው ሲታረም ይሰደባል ወይስ ይመሰገናል? «እኔ የሄድኩት ሚያዝያ ነበር፤ በታኅሣሥ ምን እንደሚመስል አላውቅም» የሚል ሰው ካየሽ ያን ሰው ያዢው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው የሚያውቀውን ሲነግርሽ ልታምኚው ትችያለሽ።

ለእንዳንቺ ያለ ሰው ግን ከትልልቆቹ ይልቅ ትናንሾቹን እመርጥልሻለሁ። እንደ መናገሻ ሱባና ወንጪ ወዳሉ ቦታዎች የሚወጡ የእግር ተጓዦች ስብስቦች አሉ። ከአንዱ ጋር አንድ ቀን ውጪ። ዳገቱን አብሮሽ የወጣ፣ ከቆሎሽ የዘገነ ሰው ማታ በስልክ ስትጠይቂው «ጉግል አድርጊ» አይልሽም። ደግሞም እግርሽን ትፈትኚያለሽ። የባሌው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ከፍታው 4,377 ሜትር ነው፤ ሳኔቲ ሜዳው ራሱ 4,000 ሜትርን ይነካል። ወንጪ ላይ የደከመ ሰው ስለዚያ ዕቅዱን ቀደም ብሎ ማሰብ አለበት።

የውጭዎቹን ገጾች ደግሞ እያንዳንዱን ለሚሆነው ጉዳይ ተጠቀሚበት። ስለ ሆቴልና ስለ አስጎብኚ ድርጅት ቅሬታና ምስጋና ከሆነ ትሪፕአድቫይዘር። በራሳቸው መኪና አፍሪካን የሚያቋርጡ ሰዎች የመንገዱን ሁኔታና የማደሪያ ቦታ የሚመዘግቡበት አይኦቨርላንደር አለ። ስለ ቪዛና ስለ ትራንዚት የጠበቀ ጥያቄ ካለሽ የስታክ ኤክስቼንጅ የጉዞ ክፍል ጥሩ ነው፤ እዚያ ግን ሰላምታሽንና «አመሰግናለሁ»ሽን ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ። መጀመሪያ ሲደርስብኝ ከልቤ አዝኜ ነበር። ለእኛ ሰላምታ የሌለው ንግግር በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት ነው። እነሱ ግን ገጹን እንደ መዝገበ ቃላት ነው የሚያዩት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ጥያቄና መልሱን ብቻ እንዲያገኝ ይፈልጋሉ። የየቤቱ ሥርዓት የተለያየ ነውና አትቀየሚ። ደንቡ ብዙውን ጊዜ ከገጹ አናት ላይ ተሰክቶ ይገኛል፤ ከመጻፍሽ በፊት አንብቢው።

ስትፈልጊ የሚያስቸግርሽ ሌላ ነገር የፊደላችን ጉዳይ ነው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ ብለሽ ብትፈልጊ ሦስት የተለያየ ውጤት ይመጣልሻል። ሶፍ ዑመርና ሶፍ ኡመር፣ ዲንሾና ድንሾም እንዲሁ። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ሮቤን ስትፈልጊ ልብ በዪ፤ የባሌ ሮቤ አለች፣ የአርሲ ሮቤ አለች። አንዷን ለሌላዋ ወስዶ የመኪና ዋጋና ሰዓት የሰጠ ሰው አይቻለሁ። የቦታዎችን አሮጌና አዲስ ስምም ለየብቻ ፈልጊ፤ ዝዋይ ብለሽ ያላገኘሽውን ባቱ ብለሽ ታገኚያለሽ።

ያገኘሽው ሁሉ አሮጌ መሆኑን ነግረሽኛል። አሮጌ ሁሉ አይጣልም። ተራራው አልተንቀሳቀሰም። ቀይ ቀበሮን ለማየት ሳኔቲ ላይ ማለዳ መድረስ ጥሩ መሆኑ፣ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ውርጭ መጣሉ፣ የደጋ አጋዘኑ እዚያው ዲንሾ አካባቢ መታየቱ ከዓመታት በፊትም እንዲሁ ነበር። የድሮ ዋጋ ግን ፈጽሞ አትቀበዪ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የመኪና ኪራይ፣ የአልጋና የመግቢያ ዋጋ ለታሪክ ካልሆነ አይጠቅምሽም። ፓርኩም መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ስለ አሠራሩና ስለ ክፍያው ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ፈልጊ።

ከሁሉ ቶሎ የሚያረጀው የመንገድ ሰላም ወሬ ነው። ይህን ከማንም ጽሑፍ አትውሰጂ፣ ከእኔም። በምትነሱበት ሳምንት ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ልታድሩበት ወዳሰባችሁት ቤትና በመስመሩ ላይ ወደሚሠራ ሾፌር ደውሉ። ሰው በአደባባይ ለመጻፍ የሚቆጠበውን በስልክ ይነግርሻል። ከሦስቱ ሁለቱ «ትንሽ ቆዩ» ካሏችሁ ቆዩ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። አካባቢው በኦሮምኛ የሚግባባ ነውና ቋንቋውን የሚችል ወዳጅ ካለሽ በዚያው ቋንቋ ያስደውልልሽ። አንቺም «አካም ጅርቱ» ብለሽ ጀምረሽ «ገለቶማ» ብለሽ ጨርሺ። የሮቤና የጎባ ወጣቶች የሚጽፉባቸውን ገጾች ብትፈልጊ ደግሞ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያላገኘሽውን ታገኚያለሽ።

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። «ጉግል አድርጊ» ያለሽ ሰው ያለ ሥርዓት ተናግሯል፤ መመለስ ካልፈለገ ዝም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ምናልባት በዚያው ሳምንት ተመሳሳይ ጥያቄ አሥር ጊዜ አይቶ ይሆናል፤ የሚከፍለው የለ፣ የሚያመሰግነው የለ። ይህን የምልሽ እሱን ነጻ ላወጣ አይደለም። ስድብሽን ያነበቡት ግን እሱ ብቻ አልነበሩም። ጥያቄሽን አይተው ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሊመልሱ ያሰቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ ሲመለሱ ያገኙት ጠብ ነው፤ ዘወር አሉ። የሚያናድድ መልስ ሲመጣ ስልኩን አስቀምጠሽ ሻይ አፍዪ። በማግስቱ፣ በደንብ ከመለሱልሽ ሰዎች የአንዱን መልስ አንሥተሽ «ስለ ሻሸመኔው ነገር አመሰግናለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ ቀጥዪ። ተሳዳቢው ሜዳው ላይ ብቻውን ይቀራል።

አድሚኑን ይቅርታ ጠይቂ። አጭር ይሁን፦ «ያን ዕለት በንዴት የጻፍኩት ተገቢ አልነበረም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ደንቡን አንብቤያለሁ፤ ብትመልሱኝ ደስ ይለኛል።» እዚህ ላይ ነጥብ አድርጊ። «ግን እሱም» የሚለውን ከጨመርሽ ይቅርታው ክስ ይሆናል። ባይመልሱሽም አትጨነቂ፤ ሌላ ቦታ ሞልቷል። ይቅርታው ግን መባል አለበት፤ የእግር ተጓዡ መንደር ትንሽ ናት፣ ያው ሰው ነገ ሌላ ግሩፕ ውስጥ፣ ወይም ዲንሾ ላይ እሳት ዳር ይገጥምሻል።

በእኛ ግሩፖች ውስጥ አንድ ሌላ እሳት አለ፤ እሱም የቦታ ስም ነው። አንዱ ናዝሬት ሲል ሌላው አዳማ በል ይለዋል፤ አንዱ ደብረ ዘይት ሲል ሌላው ቢሾፍቱ ይለዋል፤ ከዚያ ስለ አውቶቡስ የተጠየቀው ጥያቄ ተረስቶ እስከ እኩለ ሌሊት ፖለቲካ ይወርዳል። ምክሬ ቀላል ነው። የምትሄጂበት አገር ሰው ቦታውን በሚጠራበት ስም ጥሪው፤ ካረሙሽ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ አስተካክዪ። እንግዳ ሆነሽ የምትገቢበትን ቤት ስም የምትመርጪው አንቺ አይደለሽም። ክርክሩ ከተነሣ ግን አንዲት ቃል አትጨምሪ፤ መልስሽን ይዘሽ ውጪ።

አንቺም የምትሰጪው ነገር እንዳለሽ አትርሺ። ባሌን ባታውቂም አዲስ አበባን ታውቂያለሽ፤ በየቀኑ «ቦሌ በሌሊት ብደርስ ታክሲ አገኛለሁ?» የሚል እንግዳ ይጠይቃል። መልሺለት። ስትመልሺ ግን ከእኔ ጥፋት ተማሪ። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭ አገር ሰው የጅማ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀ። እኔም ቸኩዬ በእንግሊዝኛ «11 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩለት። ለእኔ 11 ማለት ገና ሳይነጋ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ የሚጋፋበት ሰዓት ነው። እሱ በራሱ ሰዓት 11 ላይ፣ ማለትም ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ተሸክሞ ደረሰ። መናኸሪያው ጭር ብሎ ጠራጊዋ ብቻ ነበረች። የዚያን ዕለት የሆቴል ክፍሉን ለቅቆ ወጥቷል፤ ጅማ የሚጠብቀው ሰው ነበር፤ አንድ ቀኑ ተቃጠለ። ማታ የጻፈው መልእክት አሁንም ትዝ ይለኛል፤ አልሰደበኝም። «ኢትዮጵያ ውስጥ ሰዓት ሲነገራችሁ ከንጋት ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት ብላችሁ ጠይቁ» ብሎ ከኋላው ለሚመጡት ጻፈ። ከሥሩ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ ለውጭ ሰው ሰዓት ስነግር በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ቀንም እንደዚያው፣ ታኅሣሥ 29 ካልኩ ጃንዋሪ 7 ብዬ እጨምራለሁ።

ስለ ቀብዱ ጠያቂ የምልሽ ጥብቅ ነው፤ አትላኪ። በውስጥ መስመር የሚመጣ ሁሉ አጭበርባሪ አይደለም፤ ዲንሾና ጎባ ውስጥ በዚህ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጨዋ ልጆች አሉ። እነሱ ግን አያጣድፉሽም። «ዛሬ ማታ ካልላክሽ ቦታው ይያዛል» የሚል፣ ስሙን በግሩፑ ፊት ለመግለጽ የማይፈልግ፣ የሚላክለት የቴሌብር ቁጥር በሌላ ሰው ስም የሆነ ከሆነ በዚያው አቁሚ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል። ፓርኩ የራሱ ጽሕፈት ቤት አለው፤ የመግቢያውን ዲንሾ ከፍላችሁ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ አስጎብኚና ፈረስ እዚያው በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። መኪና ማስያዝ ግድ ከሆነ ከእሱ ጋር ሄዶ የተመለሰ ሰው ስልክ እንዲሰጥሽ ጠይቂ፤ ደውዪም። ስለ ሰውዬው ግሩፑን መጠየቅ ትችያለሽ፤ አጠያየቅሽ ግን «እገሌ ሌባ ነው እንዴ?» አይሁን። «ከእገሌ ጋር የተጓዘ አለ?» በቂ ነው። ጥፋት ሳታገኚበት የሰው እንጀራ እንዳትዘጊ።

መልስ ስታገኚ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ካልነገረሽ አትደናገሪ። አንዱ «በአሰላና በበቆጂ በኩል ሂዱ፣ አገሩ ያምራል» ይልሻል፤ ሌላው «በሻሸመኔ መኪና አይጠፋም» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው፤ የመጀመሪያው የራሱ መኪና ያለው ይሆናል፣ ሁለተኛው በሕዝብ መኪና የሚሄድ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነውና የትኛው ለእናንተ እንደሚቀል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ምክሩን ያልተከተልሽለትንም ሰው አመስግኚው። «በዚያ በኩል አልሄድንም፤ ለሚቀጥለው ግን ያዝነው» በዪው። ሰው ምክሩ ስላልተወሰደ አይቀየምም፤ የነገረው ነገር የት እንደወደቀ ሳያውቅ ሲቀር ነው የሚከፋው።

ስለዚህ ስትመለሺ የገባሽውን ቃል ጠብቂ። ረጅም ጽሑፍ አይጠበቅብሽም። የሄዳችሁበትን ወር፣ የከፈላችሁትን ዋጋ፣ ከሻሸመኔ ስንት ሰዓት ላይ መኪና እንዳገኛችሁ፣ ሌሊት ስንት ብርድ ልብስ እንደደረባችሁ፣ የትኛዋ ጓደኛሽ ሳኔቲ ላይ ራሷን እንዳመማት ጻፊ። የተሳሳታችሁትንም ጻፊ፤ ለሚመጣው ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ፎቶ ስትለጥፊ የሰው ፊት ካለበት ያስፈቀድሽውን ብቻ። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ ካያችሁ ቦታውን በካርታ ምልክት አታድርጊ። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት እዚያው ባሌ ነው ያሉት፤ ግልገሎቹ ባሉበት ሰው ባይበዛ ይመረጣል።

ይህን መልስ ከመጻፌ በፊት ስለ ባሌ የሚጻፍበትን አንድ ገጽ ከፍቼ ነበር። አንድ ሰው ከሳኔቲ ወርዶ በሪራ መንደር አድርጎ የሐረና ጫካን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከዝናብ በኋላ ለትንሽ መኪና ይሆን እንደሆነ ጠይቋል። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ የመለሰለት የለም። እስከ ሪራ ድረስ ከወረዳችሁ መንገዱን አይተሽ ጻፊለት።